መንገድ ጠያቂዋ

ሰው ሥራዬ ብስክሌት መንዳት ይመስለዋል። ጡረታ ልወጣ ነው ስል «ጉልበትሽ ደከመ እንዴ?» አሉኝ። ጉልበቴማ ከደከመ ቆየ፤ እሱን ተዉት። የእኔ ሥራ መጠየቅ ነበር። ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው ከደብረ ብርሃን ይነሱና አስፋልቱን ጥለው በእርሻና በግጦሽ መካከል አንኮበር ይገባሉ። በማግስቱ ገደሉን ወርደው አልዩ አምባ ያድራሉ። ከዚያ ወንዙን ተሻግረው ቆላውን ይዞሩና በአራተኛው ቀን በሌላ በኩል ደጋ ይወጣሉ። እነሱ ከመነሳታቸው በፊት ያንን መንገድ ሄጄ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ከእግሬ ይልቅ የደከመው ምላሴ ነው።

ብስክሌት የለመድኩት በወጣትነቴ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ ነው። ፋብሪካው የስፖርት ቡድን ነበረው፤ ለብስክሌቱ ሴት ጠፋና እኔን አስገቡኝ። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ከወጣች ጋሪ ነጂው ሳይቀር ጋሪውን አቁሞ ነበር የሚያየው። እናቴ ሰው ምን ይለኛል ብላ አኮረፈች። ያኮረፈ ልጅ ምሳው ራት ይሆነዋል ይባላል፤ እናት ስታኮርፍ ግን ምሳም ራትም የሚቀረው የልጅ ነው። ቢሆንም አልተውኩም። አስካለ እልኸኛ ናት ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

ከፋብሪካው የወጣሁት ጌትነት የሚባል የሠፈራችን ልጅ ለብስክሌተኞች ጉዞ የሚያሰናዳ ቢሮ ሲከፍት ነው። ቢሮ ስላችሁ አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿን ብስክሌት ሞልቷታል። ደመወዙ ከፋብሪካው ያንስ ነበር፤ እኔ ግን ሜዳና ገደል እያየሁ መዋል ስለፈለግኩ ገባሁበት። ጌትነት ጥሩ አለቃ ነው፤ ሲበዛ ይቸኩላል እንጂ ሌላ ክፋት የለበትም። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ብታዩት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚደርሰው። የቀረውን እኔ በእግሬ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ጋሽ ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው፣ አርጎባ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ እየነዱ ከቆላ ደጋ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ጌትነት መንገዱን እንዲያሳዩኝ ለምኗቸው ነበርና መጀመሪያ የወረድኩት ከእሳቸው ጋር ነው። እኔ ደግሞ አዋቂ ለመምሰል ቀደም አልኩና አንድ ገበሬ አስቁሜ «ይህ መንገድ ታች ያደርሳል?» አልኩት። «ያደርሳል» አለኝ። ስንሄድ ስንሄድ በቋጥኝ መካከል ፍየል ብቻ የምትወርድበት ስንጥቅ ላይ ደረስን። ጋሽ ሰይድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ሰውየው አልዋሸሽም አሉ፤ አንቺን ያደርስሻል፣ ስለ ብስክሌቱ መቼ ጠየቅሽው?

«አዎ የሚያሰኝ ጥያቄ አትጠይቂ» አሉኝ እዚያው። «የአገራችን ሰው እንግዳን እንቢ ብሎ አያሳፍርም። ማን አለፈ፣ ምን ጭኖ አለፈ ብለሽ ጠይቂ።»

ይኼ ነው እንግዲህ ትምህርት ቤቴ። ትናንት በዚህ ማን አለፈ? ምን ጭኖ? የተጫነ ግመል ካለፈ ብስክሌት ሰተት ብሎ ያልፋል። አህያ ካለፈ አልፎ አልፎ ወርዶ መግፋት አለ። ሰው ብቻ ከሆነ ያለፈው ብስክሌቱ ትከሻ ላይ ነው የሚወጣው። ሙሽራ በበቅሎ ካለፈችበትማ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሂዱበት፤ ሙሽራ በመጥፎ መንገድ የሚወስድ ሚዜ የለም።

የጋሽ ሰይድ ሌላው አመላቸው ሰላምታቸው ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ካገኙ በቃ፣ አለቀልን። ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ አማቶችህ ደህና ናቸው፣ ያ የታመመው ወይፈን ዳነ ወይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ብስክሌቴን ይዤ እቁነጠነጣለሁ። እሳቸው ስለ መንገዱ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ሰውየው ራሱ ከላይ ያለው መንገድ ተንዷል፣ ዛሬ በታች ዙሩ ይላቸዋል። ወሬው ያለው ሰላምታው ውስጥ ነው ይሉ ነበር። ወንዝ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ወንዙን አያዩትም። ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጡና ከማዶ የሚመጣ ሰው ይጠብቃሉ። የመጣው ሰው ልብሱ እስከ የት እንደራሰ አይተው ነው የሚነሱት።

ከዚህ የቀረው የእኔው ልምድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አጭር አድርጉት፤ ሰው ሁሉ ከደብረ ብርሃን ሲነሳ ጀግና ነው፣ አንኮበር ሲደርስ ነው እግሩ የሚታወሰው። ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ዳገት ቢደክማችሁ ትቆማላችሁ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል መቆሚያ የለም። ስለዚህ መታጠፊያው ላይ ሁሉ አስቆማቸውና ፍሬኑ ላይ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ። ጭስስ ካለ ወረዱ ማለት ነው፣ ምንም ቢለምኑኝ። ለድንጋዩ የጎማውን አየር እቀንሳለሁ፤ ለግራሩ እሾህ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ እይዛለሁ። ምግቡም ዘዴ አለው። ታች የሚያሳድሩን ሙስሊሞች ናቸው፣ ከእኛ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች። አንዱ የአንዱን እርድ አይበላም። ስለዚህ አስቀድመን ሥጋ የሚባል እንዳይነሳ ተስማምተን ነበር፤ ምስርና ማር፣ ጾም ካልሆነ ወተት። በዚህ ምክንያት እንግዳም ባለቤትም ሳይሳቀቅ አንድ መሶብ ቀርበን ስንበላ ኖረናል።

አሁን ነገሩ ወደተበላሸበት ዓመት ልምጣ።

መስቀል አልፎ ዝናቡ የቆመ መስሎን ነበር። ጉዞ ይዘናል፣ ጋሽ ሰይድ ደግሞ ለቅሶ ደርሰው ሩቅ ናቸው። ጌትነት ወርዶ መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል፣ ስልክ እያለ ብሎ ወንዙ አጠገብ ሱቅ ያለው ሰው ጋ ደወለ። እኔም አጠገቡ ነኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎት እንሰማለን። በዚያ መንገድ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀን የሚጠጣ ውሃ ነው፤ ቆላው ያቃጥላል፣ ሸክሙ ደግሞ ይከብዳል። ጌትነት ጤና ይስጥልኝም በወጉ አላለ።

«ታች ውሃ እንዴት ነው?» አለው።

«ኧረ ሞልቷል!» አለ ባለሱቁ።

ተመስገን ብሎ ዘጋው። ሁለታችንም ደስ አለን። ውሃ እንደ ልብ ካለ ምን ያሸክማቸዋል ብለን የተጓዦቹን ጓዝ አቃለልን።

በሦስተኛው ቀን ወንዙን ሳናየው ድምፁን ሰማነው። ታጥፈን ስንወጣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። ባለሱቁ ሞልቷል ያለው እሱን ነበር። የያዝነው ውሃ አልቋል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከፊታችን ያለው ውሃ አይጠጣ፣ አይሻገሩት። ዮናስ የሚባል ነበር ከተጓዦቹ አንዱ፤ ከሌላ አገር መጥቶ ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ መሐንዲስ፣ ትከሻው በር የሚያህል። እስከ ወገብ ቢሆን ነው አለና ብስክሌቱን ተሸክሞ ገባ። ተው እያልኩ ጮህኩ። ውሃው ጎማውን ያዘው። ብስክሌቱን ቢለቀው ይወጣ ነበር፤ አልለቀቀውም። አንድ ላይ ወሰዳቸው።

ከታች ያሉ ሰዎች በገመድ አወጡት። እግሩ በቋጥኝና በብስክሌቱ መካከል ገብቶ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ወዲያው ሁለት አጣና ቆርጠው፣ ገመድና ጋቢ አጋጥመው ቃሬዛ ሠሩ። በዚያ አገር ቃሬዛ ሲነሳ ማን ነው፣ የማን ዘመድ ነው ብሎ ነገር የለም። አንዱ መንደር እስከ ድንበሩ ይሸከማል፣ ወደ ላይ ይጣራል፤ የሚቀጥለው መንደር ወርዶ ትከሻውን ይሰጣል። እንዲህ እየተቀባበሉ ያንን ዳገት አውጥተው መኪና ከሚደርስበት አደረሱት። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ አለቅሳለሁ። አንድ ሽማግሌ ተሸክመው እያሉ ስሙን ጠየቁኝ። ዮናስ አልኳቸው። «ዩኑስ? እንግዲያ ዓሣው ተፍቶታል፤ አይሞትም» አሉ። ዮናስ በዚያ ሕመሙ ሳቀ፣ ከዚያ እሱም አለቀሰ።

ጋሽ ሰይድ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊጠይቁት ሲመጡ የባለሱቁን ሁኔታ ነገሩን። ሰውየው ሱቁ የመጣውን ሁሉ እያስቆመ፣ ውሃው ሞልቷል እያልኳቸው ተመስገን ብለው ዘጉት፣ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው ወይ እያለ ይጠይቃል አሉ። ጌትነት መሬቱን አየ። ጋሽ ሰይድ አልተቆጡትም። ከብቶችህ እንዴት ናቸው ብትለው ኖሮ፣ ጠዋት ውሃ የወሰደበትን ፍየል ይነግርህ ነበር አሉት።

ከዚያ በኋላ ጌትነት ቆላ የሚል ቃል ቢሮው ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለ። ደጋውን ብቻ እየዞርን እንጀራችንን መብላት ጀመርን፤ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ፣ ተመለስ። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ለእኔ ግን ደጃፍ ድረስ ሄዶ እንደ መመለስ ነው። በመሐሉ መንገድ የተዘጋበት፣ እንግዳ የጠፋበት ጊዜም መጣ፤ ብስክሌቶቹ አቧራ ለበሱ። እንዲህ እንዲህ ስንል ጡረታዬ ደረሰ።

አንድ ቀን ዮናስ እያነከሰ ቢሮ ገባ። አግብቷል፣ ወልዷል። እግሩ ውስጥ ብረት አለ፣ ዶክተሮቹ ግን ብስክሌት ፈቅደውለታል። ያንን መንገድ መጨረስ እፈልጋለሁ አለ። ጌትነት ሳያስጨርሰው አይሆንም አለው። ዮናስ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ አስካለ፣ የበሬሳን ወንዝ ድልድይ በመኪና ስሻገር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጄ አየችኝ። አሁን እሷም ድልድይ ላይ ስንደርስ ትጨፍናለች።»

እሱ ሲወጣ ጌትነትን ያዝኩት። አንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። ኃላፊነቱ፣ የቢሮው ስም፣ ቢደገምስ፣ ሁሉንም አነሳ። እውነት አለው፤ ግን እኔም አለኝ። መንገዱ ምን አጠፋ? ሰው ባለፈበት የሚያልፍ መንገድ ነው። በመጨረሻ «ከዚህ ቢሮ የምወጣው ዮናስን አሻግሬ ነው፤ ካልሆነ ወንበሬን እንደያዝኩ እዚሁ አረጃለሁ» አልኩት። አንቺማ ታደርጊዋለሽ አለና እጁን ሰጠ።

እንደዚያ ጉዞ ያሰናዳሁት የለም። ጊዜውን ጥምቀት ካለፈ በኋላ አደረግኩት፤ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ነው፣ በልጉ አልጀመረም። ሁለት ጊዜ ቀድሜ ወረድኩ። ባለሱቁ ጋ ሄጄ ቁጭ ብዬ የልጆቹን ስም በሙሉ እስካውቅ ሰላም አልኩት። የገበያውን ቀን ጠይቄ ዘለልኩት፤ በገበያ ቀን ያ ቁልቁለት ሰውና አህያ ብቻ ነው። ለዮናስ ብስክሌት ለመውረድ የሚመች ዝቅ ያለ ኮርቻ አስገጠምኩ፣ የተሰበረው እግሩ ቶሎ መሬት እንዲነካ። ከፊት እንዲሄድም ወሰንኩ። ደካማው ከኋላ ከሆነ ሲደርስ ሌሎቹ አርፈው ይነሳሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይከተላል። ከፊት ከሆነ ግን ጉዞው በእሱ እግር ይለካል። የቀበሌ ደብዳቤ፣ ማህተም፣ እሱን እሱን ጌትነት ጨረሰ። ውሃ ግን የሚጠጣውን ሙሉ አሸከምኳቸው፤ ይክበዳቸው።

ዮናስና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከእኔ ጋር አራት ሆነን ተነሳን። ማለዳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ ጣታችን ፍሬን አልጨብጥ ብሎ በአፋችን እፍ እያልን ነው የሄድነው። አንኮበር አድረን ወደ አልዩ አምባ ስንወርድ ልብሳችንን አንድ አንድ እያወለቅን ሸሚዝ ብቻ ቀረን። ዮናስ ጥሩ ይወርድ ነበር፤ እየሳቀ፣ እየዘፈነ። እኔ ግን ሳቁን አላመንኩትም፤ ሳቅ ሲበዛ ፍርሃት እንደሚሸፍን አውቃለሁ።

ጋሽ ሰይድ አርጅተዋል፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። ከዮናስ ጋር ያደረጉትን ሰላምታ ልተወው፣ የእናቱን አባት ሳይቀር ጠየቁት። ሲያበቁ እግሩን አዩና እንደማንኛውም መንገደኛ ጠየቁት።

«ነገ ምን ጭነህ ነው የምትሻገረው?»

ብስክሌቴን አላቸው። ለሌላ ስጠው፣ ባዶ እጅህን ተሻገር አሉት። ዮናስ እሺ አባቴ አለ፣ ፊቱ ግን እሺ አላለም። ያን ቀን ማሻገር ያቃተውን ብስክሌት አሁን ራሱ ሊያሻግር ነው የመጣው፤ ገባኝ።

በማግስቱ ወንዙ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴትዮ ልብስ ታጥባለች። ተቀመጥኩና ሰላምታዬን ጀመርኩ። ልጆቿን፣ ፍየሎቿን፣ የባሏን ወገብ ሕመም ስናነሳ ቆይተን፣ ማለዳ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች ተሻግረው እንደሄዱ ነገረችኝ። ላይ አገር ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ከገና ወዲህ ጠብ ያለ የለም አለች። ወዲያው አንድ ሰውዬ ከማዶ ተሻገረ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ እንኳ አልራሰም። ውሃው ጠጠሩን ያሳያል። በቃ፣ የእኔ ሥራ አለቀ አልኩ በልቤ።

ሁለቱ ባልደረቦቹ ተሻገሩ። ዮናስ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳር ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ። እግሩን አነሳ፣ መለሰ። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። ማዶ ያሉት ጓደኞቹ እንዳላዩ ሆነው ጎማ መንፋት ጀመሩ፤ ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ማደሪያ፣ ሁሉን አስቤያለሁ። ይኼን ግን በምን ልጠይቅ ኖሯል? ፈራሁ። እዚህ ድረስ አምጥቼ ከነፍርሃቱ ብመልሰውስ፣ ለዚያች ልጅ ምን ይላታል?

ሌላ ያለኝ ነገር ስለሌለ ጫማዬን አወለቅኩ። ዋና አልችልም፣ ዕድሜዬንም ታውቃላችሁ። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ገባሁና መሐል ላይ ስደርስ ዞሬ ቆምኩ።

«ና፣ ልጄ። ብስክሌቱን ጣለው። ይኸው ውሃው ጉልበቴን አላለፈም። አንተ እስክታልፍ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ያቺ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ ተነስታ መጣች፤ ማንም ሳይነግራት ብስክሌቱን ከትከሻው ተቀበለችው። ያኔ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ክፈተው አልኩት፣ ከፈተ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከንፈሩን እየነከሰ፣ በዚያ ብረት ባለበት እግሩ ድንጋዩን እየዳበሰ። አጠገቤ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። አልያዘውም። አልፎኝ ሄደ፣ ማዶ ወጣ፣ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም መሐል ውሃ ላይ ቆሜ እንባዬ ወረደ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን ይደበቃል።

ልከተለው ስል ጉልበቴ እንቢ አለ። ያዘኝ። ወደፊትም ወደኋላም አልል፤ ምሰሶ ሆኜ ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ትንሽ ብቆም ይለቀኛል ብዬ። ዮናስ ቀና ሲል አየኝ። ተነስቶ እየሮጠ ወደ ውሃው ገባ፤ ውሃው እስከ ደረቱ እየተረጨ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች ሳያይ መጣና ክንዴን አንገቱ ላይ አደረገ።

«እትዬ አስካለ፣ አሁንስ ጡረታ ይውጡ» አለኝ።

«መጀመሪያ ከዚህ አውጣኝ» አልኩት።

አወጣኝ።